በፎርክሊፍት አደጋ ሪፖርት ላይ ልፈርም ወይስ አልፈርም?

ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ መጋዘን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ወር ፎርክሊፍታችን (ከፊቱ ባለው ሹካ ጭነት የሚያነሳው ማሽን) ጭነቱን ከፍ እንዳደረገ ተዳፋቱ ላይ ሲዞር ተገለበጠና፣ ኦፕሬተሩ ሊዘል ሲሞክር የማሽኑ ጣሪያ ብረት ተጭኖት ሕይወቱ አለፈ። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር የማሽኑ የክብደት ማዕከል አብሮ ስለሚወጣ፣ ተዳፋት ላይ ሹካውን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይዞሩ መንዳት ግድ ነው፤ ማሽኑ ቢገለበጥም ቀበቶ ታስሮ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ መቀመጥ እንጂ መዝለል አይገባም። ይህን ለሟች ያስተማረው አልነበረም። ቀበቶው ራሱ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ ከመቀመጫው ጀርባ ተቆልፎ የኖረ ሲሆን፣ ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ በየቀኑ እያየን አልፈነዋል።

አሁን የተዘጋጀው ሪፖርት «አደጋው የደረሰው በኦፕሬተሩ ጥፋት ነው» ይላል፤ እኔም በምስክርነት እንድፈርም ተጠይቄያለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደገኛነት የማስረዳት፣ የደረሰውን አደጋም መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት አንብቤአለሁ። ብፈርም የሟች ባለቤትና ልጆች ካሳ እንዳይቀርባቸው እሰጋለሁ፤ ባልፈርም ደግሞ የራሴ እንጀራ ያሰጋኛል።

የሕግ ወይም የሥራ ደኅንነት ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፦ ያየሁትን ብቻ በራሴ ቃል ጽፌ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝልኝ መጠየቅ እችላለሁን? ተቆጣጣሪ እስኪያየው ድረስ ማሽኑ እንዳይነካ ለማንስ ላመልክት? ማሽኑ ግቢው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ቀበቶውም እንደተቆለፈ ነው። መካኒክ ግን ሰኞ ይመጣል ተብሏል።