«ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው?

ጠያቂ፦ የሳቢያን ጽሕፈት

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ በኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ደንበኞች ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ እያመጡ ስለሚያሳትሙ፣ ማሽኑ ከቆመ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሰሞኑን አንድ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም በኢንተርኔት ስንፈልግ፣ ስክሪኑን የሸፈነ ቀይ መስኮት ድንገት መጣ፤ ዲስኩን የሚፈትሽ የሚመስል መስመር ከሮጠ በኋላም 37 ቫይረሶች እንደተገኙና ወዲያውኑ ካልጸዱ ፋይሎቻችን እንደሚጠፉ በእንግሊዝኛ አስጠነቀቀን። ምንም አልከፈልንም፣ ምንም አልጫንንም። ከዚያ ወዲህ ግን በስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ የጸረ-ቫይረሳችን ጊዜ እንዳለፈ የሚናገር ትንሽ መልእክት በየጊዜው ብቅ ይላል። የቤቱ ባለቤት ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን ይላሉ፤ የደንበኞች ሰነድ ስላለበት እኔ አልደፈርኩም። ማሽኑ ውስጥ በእርግጥ ቫይረስ ገብቷል?

መልስ፦ ከዚራ ጥገና

ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ከጻፉት ሁሉ ዋናው ነገር መስኮቱ የወጣው ብሮውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ክሮም) ውስጥ መሆኑ ነው። ድረ ገጽ በራሱ ዲስክዎ ውስጥ ገብቶ ፋይሎችዎን መፈተሽ አይችልም፤ ብሮውዘሮች የተሠሩትም ይህንን እንዲከለክሉ ነው። ስለዚህ ያዩት የሚሮጥ መስመር አስቀድሞ የተዘጋጀ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንጂ ፍተሻ አልነበረም፤ 37 የሚለውም ቁጥር ማንም ሰው ቢከፍተው የሚወጣ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች ሲ ድራይቭ (የዊንዶውስ ዋና ዲስክ መጠሪያ) በማይታወቅበት የማክ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ እንኳ ሲ ድራይቭን ሲፈትሹ የታዩበት ጊዜ አለ። እውነተኛ ሙሉ ፍተሻ እንደ ዲስኩ መጠን ረጅም ሰዓት ሊወስድ ሲችል ይህኛው በሰከንዶች ይጨርሳል።

በጥጉ የሚመጣው መልእክት ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ በሚል ሰበብ ፍቀድ የሚለውን ቁልፍ ያስጫኑና ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም በስክሪኑ ጥግ ብቅ የሚል መልእክት፣ የመላክ ፈቃድ ያገኛሉ። መልእክቱን ልብ ብለው ቢያዩት የድረ ገጹን አድራሻ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ያገኙታል፤ ማሽንዎ ላይ የተጫነ ጸረ-ቫይረስ ግን በድረ ገጽ ስም አይናገርም። በክሮም ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ከፍተው የማያውቁትን ሁሉ ይሰርዙ። መስኮቱ ዳግመኛ ከመጣ በላዩ ላይ ያለውን የመዝጊያ ምልክት አይንኩ፤ እሱም የሥዕሉ አካል ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው በሚከፈተው ታስክ ማናጀር (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ማሳያና መዝጊያ) ብሮውዘሩን ይዝጉት፤ ሲከፍቱትም የቀድሞውን ገጽ መልስ አይበሉት።

መልስ፦ መምህር ከሐረር

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሰዎች የሚጎዱት አጽዳ የሚለውን ቁልፍ ተጭነው የወረደውን ፕሮግራም በገዛ እጃቸው ሲጭኑት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ታስክ ማናጀርን ይዘጋል፣ እውነተኛውን ጸረ-ቫይረስ ያሰናክላል፣ የጸረ-ቫይረስ ድርጅቶችን ድረ ገጽ እንዳይከፍቱ ያግዳል፤ የሚከፍቱትን ፕሮግራም ሁሉ ተበክሏል እያለም ገንዘብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮንፊከር የተባለው ትል (ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) በያዛቸው ማሽኖች ላይ የጫነው ሐሰተኛ ጸረ-ቫይረስ 49.95 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ከዚያ የከፋው ደግሞ የካርድ ቁጥርዎ በአጭበርባሪ እጅ መግባቱ ነው።

ይህ የጥቂት ልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ዊንፊክሰር፣ ድራይቭ ክሊነርና ኤክስፒ አንቲቫይረስ የተባሉትን እንዲህ ያሉ ሐሰተኛ ፕሮግራሞች የሚሸጡ ሰዎችን ሲከስ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸማቾች እንደተታለሉ ገልጿል፤ በ2012ም ፍርድ ቤቱ ከተከሳሾቹ በአንዷ ላይ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈርዷል። «እኔ የምገባው የታወቀ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው» ማለትም አያድንም፤ በ2009 አጭበርባሪዎች የታወቀ ኩባንያ መስለው በኒውዮርክ ታይምስ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ገዝተው በዚያው በኩል ይህንኑ መስኮት ለአንባቢዎች አሳይተዋል።

መልስ፦ ነጻ አስተያየት

የባለቤቱን ሐሳብም ሙሉ በሙሉ አንጣለው። አንድ ሰው ሳያስታውቅ ፕሮግራሙን ጭኖት ከሆነ ሰነዱን ኮፒ አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አስተማማኝ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ያለውን የኦፍላይን ፍተሻ ያስጀምሩ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣና 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። የተከፈተ ሥራ ካለ አስቀድመው ያስቀምጡ።

ጠያቂ፦ የሳቢያን ጽሕፈት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ የማላውቃቸው ድረ ገጾች ስለነበሩ ሰርዣቸዋለሁ፤ መልእክቱም ቆሟል። የኦፍላይን ፍተሻውም ምንም አላገኘም፤ ባለቤቱም ይህን አይተው ፎርማቱን ትተውታል። ሁለተኛው ማሽናችን ግን ገና ዊንዶውስ 7 ነው። ለእሱ ጸረ-ቫይረስ ብንገዛለት ይበቃል?

መልስ፦ ከዚራ ጥገና

አይበቃም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ሲሆን፣ ክሮምም ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲስ እትም አያወጣለትም። አቅሙ ከፈቀደ ወደ ዊንዶውስ 11 ይቀይሩት፤ ካልሆነ ግን ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለመተየብና ለማተም ብቻ ተጠቀሙበት፤ የደንበኛ ፍላሽም በመጀመሪያው ማሽን ላይ ሳይፈተሽ እዚያ ላይ አይሰካ።