የከተማ ምክር ቤት እጩውን ምን ልጠይቀው? ሦስተኛውን ቦታስ ባዶ ልተወው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሚኒያፖሊስ (አሜሪካ) ወገኖች እርዱኝ። እዚህ ለከተማ ምክር ቤት እስከ ሦስት እጩ በቅደም ተከተል እንሞላለን። አንደኛው ከቆጠራ ከወጣ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፤ አንዱን ሰው ሦስቴ መሙላት ትርፍ የለውም፣ የሚቆጠረው አንዴ ነው። ይሄ ገብቶኛል።

ቅዳሜ የወረዳችን እጩ ሰፈራችን መጥቶ ያነጋግረናል። በራሪ ወረቀቱ «ትምህርት ቤቶችን እናሻሽላለን፣ ኪራይ እናረጋጋለን» ይላል። ትምህርት ቤቱ የራሱ የተመረጠ ቦርድ ስላለው የምክር ቤት አባል አያዝበትም፤ እሱን ትቼዋለሁ (እጩዎች ግን ይወዱታል)። የቤት ኪራይ ግን ይመለከተዋል፦ በ2021 መራጩ ለምክር ቤቱ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ፈቅዷል። ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል በዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ላይ በ3 በመቶ ጣሪያ ጀምሮ ኋላ ላይ አዳዲስ ሕንፃዎችን ከጣሪያው ነፃ አድርጓል። ስለዚህ «ጣሪያው ስንት በመቶ? አዲስ ሕንፃ ይካተታል? ተከራይ ቤቱን ሲለቅስ ጣሪያው ይቀጥላል?» ልለው አስቤያለሁ። «እናጠናዋለን» ብሎ እንዳያመልጥ ምን ልጨምር?

ሌላው፣ የምቀበላቸው እጩዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የባሰ ነው። ሦስተኛውን ባዶ ብተወውና ሁለቱም ቢወድቁ ካርዴ ከቆጠራ ይወጣል። ሻል ያለውን ልሙላ ወይስ ልተወው? እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?