ጠብመንጃ ላይ ሌዘር ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፣ ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር በሰፈራችን ሁለት ቤት ተሰብሮ ከተዘረፈ ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ አጥታለች። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ሌሊት ሥራ ላይ ስለማድር ቤት አልገኝም። ከሁለት ዓመት በፊት በሕጋዊ መንገድ የገዛሁት ኤአር-15 ጠብመንጃ አለኝ፤ በጠቅላላው አራት ቀን የተኩስ ሜዳ ሄጄ ተኩሼበታለሁ። አንድ ሻጭ አረንጓዴ ሌዘር እንድገጥምበት መከረኝ፤ «ነጥቡ ያረፈበት ጥይቱ ያርፋል፣ ማነጣጠር የሚባል ጣጣ የለም» አለኝ። ባለቤቴም ብትሆን በቀላሉ ትጠቀምበታለች ብዬ አሰብኩ። የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን፤ እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ትኖራለች። ልግጠም ወይስ ገንዘቤን ላስቀምጥ?

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

ግጠም። ሌባው ነጥቡን ደረቱ ላይ ሲያይ አንተ ሳትተኩስ እግሬ አውጪኝ ይላል። እኔ ገጥሜ አልተቆጨሁም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ሻጩ የነገረህ ግማሽ እውነት ነው፤ ከአውሮራ የተጻፈው ሩብም አይሞላ። በጨለማ የሰው ቤት ሰብሮ የገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ደረቱን አይመረምርም። ይሸሻል ብሎ የልጆችን ሕይወት ማስያዝ ቁማር ነው።

እኔ በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ክላሽ ተሸክሜ ኖሬያለሁ። እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች አተኳኮስ አሳያለሁ። ስለዚህ መሣሪያ ጠልቼ የምጽፍ እንዳይመስልህ።

ሌዘሩ የሚታሰረው ከአፈሙዙ ጎን፣ ሥር ወይም በላይ ነው። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጥይቱ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ሁለቱ የሚገናኙት አንተ ባስተካከልክበት ርቀት ነው። ለምሳሌ አራት ሴንቲሜትር በጎን የታሰረን ሌዘር በ25 ሜትር ላይ ካስተካከልከው፣ አምስት ሜትር ላይ ጥይቱ ከነጥቡ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። በኮሪደር ርቀት ይህ ኢምንት ነው፤ በዚህ ብቻ ሌዘርን የሚያጣጥሉ ሰዎች ያጋንናሉ። ኤአር-15 ላይ የሚቀመጠው ተራ ማነጣጠሪያም ቢሆን ከአፈሙዙ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ስለሚል፣ በክፍል ውስጥ ጥይቱ ካየኸው ነጥብ ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህን ሻጩ ነግሮህ ነበር? አረንጓዴው ለዓይን ይበልጥ የሚጎላው በቀን ብርሃን ነው፤ በጨለማ ቤት ቀዩም ይበቃል። ባትሪ ያልቃል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ እንደገና ማስተካከል ይፈልጋል።

ጥቅም የለውም አልልም። እጁ ወይም ትከሻው የተጎዳ ሰው፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ማሳረፍ ያቃተው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ይረዳበታል። ለመለማመጃ ደግሞ ግሩም ነው፦ ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ ካረጋገጥክ በኋላ ድንጋይ ግንብ ላይ አነጣጥረህ ቃታውን ስትስብ ነጥቧ ከዘለለች፣ ጣትህ ገና አልተገራም ማለት ነው። ጀማሪ ግን በጭንቅ ሰዓት ነጥቧ ስትደንስበት እስክትረጋ ይጠብቃል፤ የረጋች ሲመስለው ቃታውን ይመነጭቀዋል፤ ይስታል። ለባለቤትህ ቀላል ይሆንላታል ያልከው የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው። ለመሆኑ እርሷ ጠብመንጃውን ይዛው ታውቃለች?

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ሽጉጤ ላይ ሌዘር ነበረኝ። አንድ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ላይ የኋላው በር ሲንቋቋ ሰምቼ ወረድኩ። በሩ ተከፈተ፤ ቀዩዋ ነጥብ ጥቁር ጃኬት ላይ አረፈች። አልተንቀጠቀጠችም፤ የተኩስ ሜዳ ላይ እንኳን እንደዚያ ረግታልኝ አታውቅም። ጃኬቱ «ጋሼ፣ እንጀራ ተርፏል?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ነበር፤ ታክሲ ነድቶ ሲመለስ የፊቱን በር ቁልፍ ረስቶ እኛን ላለመቀስቀስ በኋላ ዞሮ ነው። ምግቡን አቀረብኩለት፤ እኔ ግን እስኪነጋ እጄ አላረፈም። ዒላማዬ ልክ ነበር፤ ሰውዬው ነበር የእኛው ልጅ የሆነው። በማግስቱ ሌዘሩን ነቀልኩት።

የእኛን የሐበሻን ቤት ደግሞ ታውቀዋለህ። አንዱ የሌሊት ተረኛ ነው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ ምድር ቤት ገና ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ይተኛል፣ እናት ሌሊት ለጸሎት ትነሣለች። ጨለማ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ከሁሉ በፊት የቤተሰብ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብህ ለብርሃን ይውጣ። ጠብመንጃው ላይ መብራት መግጠም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሌላ የእጅ ባትሪ ከሌለህ አንድን ነገር ለማየት አፈሙዝ ልትቀስርበት ነው። በእናትህ ላይም ጭምር። የእጅ ባትሪ አልጋህ አጠገብ ይኑር። የኮሪደሩን ማብሪያና ማጥፊያም አትርሳው፤ ሰው ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

ሌላው ግድግዳው ነው። እዚህ አገር በክፍሎች መካከል ያለው ጂፕሰም ነው፤ የጠብመንጃ ጥይት አንዱን በስቶ ሌላውን ይደግማል። የልጆቹ አልጋ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ቁጭ ብለህ በወረቀት ሣለው። ቤቱን ለማሰስ አትውረድ፤ ቤተሰቡን አንድ ክፍል ሰብስበህ በሩን ቆልፈህ 911 ደውል። አብዛኞቹ ማዕከላት አስተርጓሚ በስልክ ስለሚያገናኙ እናትህ የቋንቋዋን ስም በእንግሊዝኛ መናገርንና አድራሻውን ትልመድ።

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

ነርስ ነኝ፤ የጋሼን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ማንም ያልጠየቀህን እኔ ልጠይቅ፦ ጠብመንጃው አሁን የት ነው ያለው? ቁምሳጥን ላይ ከሆነ የ11 ዓመት ልጅ ወንበር ማስጠጋት ያውቃል። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ ካለጥንቃቄ ተትቶ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ከገባ ባለቤቱ በወንጀል ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ሕይወታቸውን ያጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። በማኅበረሰባችን ይህን ጉዳይ ሸፋፍነን እናልፈዋለን፤ ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ ግን መሣሪያው ከቤት ይውጣ፣ ራስን ማጥፋት ላሰበ ወይም ለተጨነቀ ሰው የእርዳታ ስልክ የሆነው 988 ላይም ይደወል። በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን ከሌዘሩ ይቅደም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሕጉን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ፣ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። የቺካጎ ከተማ ደንብ ሌዘር ማነጣጠሪያ መያዝን ይከለክላል። እኛ ጋ ሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2013 ጀምሮ አብዛኛውን የኤአር-15 ዓይነት ከሌላ ግዛት ይዞ መግባት ክልክል ነው። «እህቴ አጠገብ ልሁን» ብላችሁ ወደዚህ የምትመጡ፣ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት አጣሩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ዜግነት ያልወሰደ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግሪን ካርዱ ከመባረር አያድነውም። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው ቁጥር 4473 ቅጽም በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከተከለከሉት የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የምትቅሙ፣ ፊርማችሁን አስቡበት።

ጠያቂ፣ ከጋርላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠብመንጃው የነበረው ቁምሳጥን ላይ ነው፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። ትናንት የብረት ሣጥን ገዛሁ። ባለቤቴም ለሁለት ቅዳሜ የጀማሪዎች ሥልጠና ተመዝግባለች፤ ያለ እኔ እንድትሄድ ነው የፈለገችው። ሌዘሩን አልገዛሁም። በእርሱ ፈንታ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት ሰቀልኩ። እናቴ ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ቦግ ቢልባት «በስመ አብ!» ብላ ጮኻ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰችው። አሁን ንቀልልኝ እያለች ነው።

ጋሼ፣ ለእጅ ባትሪው ስንት ሉመን ብርሃን ይበቃል ይላሉ?