ደብዳቤው ለየትኛው ኮሙን (የስዊድን ማዘጋጃ ቤት) ይጻፍ? (የአማርኛ ትምህርት ጥያቄያችን ረቂቅ)

ጸሐፊዋ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ስቶክሆልም ላሉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት አማርኛ እንዲሰጥ የምንጠይቅበትን ረቂቅ አያይዣለሁ። እስከ እሑድ አስተያየታችሁን ስጡበት።

ከሱንድቢቤሪ አንዲት እናት፦ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን «ለስቶክሆልም ከተማ» ተብሎ የተጻፈው እኛን አይጨምርም። ባቡራችን አንድ ቢሆንም ሱንድቢቤሪ ለብቻው ኮሙን ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ልክ ነች። ስዊድን 290 ኮሙኖች አሏት፤ 26ቱ እዚሁ በስቶክሆልም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ናቸው። ሼርሆልመን (የስቶክሆልም ከተማ ሰፈር) እያልን የምንሄድበት የኩንገንስ ኩርቫው የቤት ዕቃ መደብር ኢኬያ እንኳ ያለው ሁዲንጌ ኮሙን ነው! ደግሞ ትምህርትና የአረጋውያን እንክብካቤ የኮሙን ሲሆን ሕክምና የሬጂዮን (የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር) ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያ አስተርጓሚ የሚለው አንቀጽ ከረቂቁ ይውጣና ለብቻው ለሬጂዮኑ ይጻፍ።

ከሶልና አንድ አባት፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ነው። ኮሙን አማርኛ ለማስተማር የሚገደደው ቢያንስ 5 ተማሪዎች ሲጠይቁና ብቁ መምህር ሲገኝ ነው፤ አምስቱም የዚያው ኮሙን ተማሪዎች መሆን አለባቸው። ከሶልና 3፣ ከሱንድቢቤሪ 2 ቢመጡ አይደመሩም። ፍሪስኮላ (ኮሙን የማያስተዳድረው ትምህርት ቤት) ያሉት ደግሞ በኮሙኑ ቁጥር አይገቡም፤ ጥያቄያቸው ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ከምንበታተን አንዱን ደብዳቤ ለመንግሥት ብንልከውስ?

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ «ወደ ኮሙናችሁ ሂዱ» ተብለን ነው የምንመለሰው። ኮሙኖቹ የየራሳቸው ምክር ቤትና ግብር አላቸው። በፊትማ ከ2,000 በላይ ነበሩ፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. እያዋሐዱ ነው እዚህ ያደረሷቸው።

ጋሼ፦ እንግዲያው መራጭ መሆናችንን ጻፉበት። ዜግነት የሌለውም 3 ዓመት ተመዝግቦ ከኖረ ለኮሙንና ለሬጂዮን ይመርጣል። ፖለቲከኛ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

የሱንድቢቤሪዋ እናት፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን! እኔ የምለው፣ የደብዳቤው ሐሳብ አንድ ይሁን፤ አድራሻውና የፈራሚው ዝርዝር በየኮሙኑ ይለይ። 5 ያልሞላበት ቦታ ደግሞ ከሌላ ኮሙን መምህር በቪዲዮ እንዲያስተምር እንጠይቅ፤ የርቀት ትምህርት ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ተፈቅዷል።

ጸሐፊዋ፦ ተስማምቻለሁ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ወላጆች፣ ኮሙናችሁን፣ የልጁን ክፍልና ትምህርት ቤቱ የኮሙን ይሁን ፍሪስኮላ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የልጆች ስም እዚህ እንዳይጻፍ አደራ። ቦትሼርካ ኮሙን ያላችሁ እስካሁን ድምፃችሁ አልተሰማም።