ኖርዝ ካሮላይና፦ በዲደብልዩአይ (ጠጥቶ በመንዳት) ላይሰንስ ከተሻረ በኋላ ለሥራ መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲደብልዩአዬ ነው፣ በትንፋሽ ምርመራ የአልኮሉ መጠን 0.11፣ ሌቭል 5 (ዝቅተኛው የቅጣት ደረጃ) ተፈርዶብኝ ላይሰንሴ ለአንድ ዓመት ተሽሯል። ሥራዬ መጋዘን ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሊሚትድ ድራይቪንግ ፕሪቪሌጅ (ለሥራና ለመሳሰሉት ብቻ የሚያስነዳው የተወሰነ ፈቃድ) የሚጠየቀው ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ነው ወይስ ፍርድ ቤት? ምን ወረቀት ይዤ ልሂድ? ሰዎች የሚከለከሉትስ በምን ምክንያት ነው?

ፍትሕ፦
ዲኤምቪ ሄደህ አትድከም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ዳኛ ነው። ማመልከቻው የሚገባው የተፈረደብህ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ክለርኩ (የመዝገብ ቤት ኃላፊው) ጋ ነው። ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ፍርዱን በሰማበት ቀን እዚያው ሊፈረምለት ይችላል። ካለፈ በኋላ ግን ኮፒው ለዐቃቤ ሕግ ይደርስና ቀጠሮ ይያዛል።

ብቁ ለመሆን ቅጣቱ ሌቭል 3፣ 4 ወይም 5 መሆን አለበት። በ7 ዓመት ውስጥ ሌላ ዲደብልዩአይ፣ ከዚህኛው ወዲህም አዲስ የመጠጥ ክስ ሊኖር አይገባም። በተያዝክበት ቀን ላይሰንስህ የጸና ወይም ጊዜው ካለፈ ዓመት ያልሞላው መሆን ነበረበት። 0.15 እና ከዚያ በላይ ላለው ኢንተርሎክ (ትንፋሽ ለክቶ አልኮል ካገኘ መኪናውን የማያስነሳ መሣሪያ) ማስገጠም ግዴታ ነው።

የምትይዘው፦ ፈቃድ ካለው ድርጅት የአልኮል ምዘና (አሰስመንት) ያደረግክበት ማስረጃ፣ ክፍያው 100 ዶላር፤ ከኢንሹራንስህ ዲኤል-123 የሚባለው የመድን ማረጋገጫ ፎርም፤ የአሠሪ ደብዳቤ፤ ለክለርኩ ደግሞ ሌላ 100 ዶላር። ዲኤል-123 የሚያገለግለው 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀጠሮህን ሳታውቅ አታስወጣው። የኢንሹራንስ ካርድ በእሱ ቦታ አይተካም፤ ብዙ ሰው የሚመለሰው በዚህ ነው።

አስተርጓሚዋ፦
ላንተ ዋናው ነገር የአሠሪው ደብዳቤ ነው። ሕጉ መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚለው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን እያንዳንዱን ሰዓት ዳኛው በማስረጃ አይቶ ፎርሙ ላይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው የድርጅቱ ስም ባለበት ወረቀት ላይ ይሁን፤ የሥራ ቦታው አድራሻ፣ ቀኖቹ፣ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ ይኑሩበት። ሰዓቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ኤኤምና ፒኤም ለይተህ አስጽፍ።

ቅዳሜን ልብ በል። ቅዳሜ ማታ የገባህ እሁድ ጠዋት ነው የምትወጣው። ደብዳቤው «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ» ብቻ ካለ፣ ዳኛውም እንዳለ ከገለበጠው፣ እሁድ ጠዋት ወደ ቤት ስትነዳ ያለ ፈቃድ እየነዳህ ነው። «ቅዳሜ 10 ፒኤም ገብቶ እሁድ 6:30 ኤኤም ይወጣል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ኦቨርታይም ካለም አሁኑኑ ይካተት፤ ሱፐርቫይዘሩ በስልክ «ቆይ» ማለቱ ፖሊስ ፊት አያድንህም።

የማታ ሺፍት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገበያና ቤተ ክርስቲያንስ?

አስተርጓሚዋ፦
አሜን። የቤት ጉዳይ በመደበኛው ሰዓት ውስጥ ይፈቀዳል፤ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ አይሆንም። አምልኮ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። የእሁድ ቅዳሴ ግን ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ስለሆነ ማመልከቻው ላይ የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻና ሰዓቱን አስገባ። ለድንገተኛ ሕክምና በማንኛውም ሰዓት መንዳት ይቻላል።

ባለከባድ መኪና፦
ከማመልከትህ በፊት የዲኤምቪ መዝገብህን አውጣ። ላይሰንስህ በሌላ ምክንያትም ተይዞ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፍርድ ቤት ባልቀረብክበት የድሮ የፍጥነት ቲኬት፣ ዳኛው ሊሰጥህ አይችልም። መጀመሪያ እሱን ዝጋ። ትንፋሽ አልሰጥም ያለ ሰው ደግሞ በዚያ ብቻ ለብቻው የአንድ ዓመት ሽረት አለበት፤ ለእሱ ፈቃድ መጠየቅ የሚችለው ቢያንስ 6 ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ሲዲኤል (የከባድ መኪናና የመሳሰሉት የንግድ መንጃ ፈቃድ) ላላችሁ፦ ይህ ፈቃድ ሲዲኤል የሚጠይቅ መኪና አያስነዳም። የመጀመሪያው ዲደብልዩአይ፣ በግል መኪናም ቢሆን፣ ሲዲኤሉን ለ1 ዓመት ያሳግዳል። ኡበር ለሚሠሩም የፍርድ ቤት ወረቀት ኩባንያው እንዲያሠራቸው አያስገድደውም።

ወረቀቱን ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ያዝ። ከተጻፈው ሰዓት ወይም ምክንያት ውጪ መንዳት በተሻረ ላይሰንስ እንደ መንዳት ይቆጠራል፣ ክላስ 1 ሚስዲሚነር (የወንጀል ጥፋት) ነው። ስትነዳ አንድ ቢራ እንኳ በሰውነትህ ውስጥ መኖር የለበትም። ዓመቱ ሲያልቅ ላይሰንሱ በራሱ አይመለስም፤ ምዘናው ያዘዘውን ትምህርት ወይም ሕክምና መጨረስህ ዲኤምቪ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ትምህርቱን ዓመቱ እስኪያልቅ አታቆየው።