የሰፈር ጨዋታ ቪዲዮ የማን ነው?

ከዚራ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? የሳምንቱ ክርክር ይኸውና። እሁድ እዚሁ ድሬዳዋ የክረምቱ የሰፈር እግር ኳስ ዋንጫ ላይ ሁለት ልጆች በስልክ ቲክቶክ ላይቭ ገብተው ሲያሳዩ ኮሚቴው ከሜዳ አስወጣቸው። ምክንያቱ ዘንድሮ ቀረጻው ለአንድ ስቱዲዮ ተሰጥቷል። ስቱዲዮው የዳኞቹን አበልና የማልያውን ወጪ ቻለ፤ በምላሹ ከእሱ ሌላ ማንም አይቀርጽም። ኮሚቴው ልክ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ የለም። የኮሚቴውንም የስቱዲዮውንም ስም አንጠራም፤ እኛም እንደ ወትሮው በየሰፈራችን ስም እንጠራራለን።

ገንደ ቆሬ፦ ልክ አይደለም። ሜዳው የሕዝብ፣ ልጆቹ የእኛ፣ አቧራውም የእኛ። የራሳችንን ፊት ለራሳችን ሊከለክሉን ነው?

ሳቢያን፦ እኔ ልክ ነው እላለሁ። ሰርግ ቀርጬ የምበላ ሰው ነኝ፤ እንዳዳላሁ ከወዲሁ እወቁልኝ። ካሜራ ተሸክሞ በድሬ ፀሐይ መቆም፣ ከዚያ ሌሊቱን ኤዲት ሲያደርጉ ማንጋት በነፃ አይሆንም። ሁሉም ላይቭ ከገባ ለእኔ ማን ይከፍላል? ሩቅ አገር ያለ ምሳሌ ላምጣ። ዲስክ ጎልፍ።

ታይዋን፦ ምንድነው ደግሞ እሱ?

ሳቢያን፦ ጎልፍ ነው፤ ግን ኳስም ዱላም የለውም። ሰሃን የምትመስል ፕላስቲክ ትወረውራለህ። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ መግባት አለባት። አብዛኛውን ጊዜ ቅርጫቶቹ 18 ናቸው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አሜሪካ ውስጥ በየፓርኩ ታገኘዋለህ፤ ብዙው ቦታ ገብቶ መጫወት በነፃ ነው።

ታይዋን፦ እናቴ በነጠላ ጫማ ስትጫወተው የኖረችውን በለኛ። አንድ ቀን ስታ አታውቅም።

ሳቢያን፦ ሳቃችሁ ካለቀ ልቀጥል። የዚህ ስፖርት ጣጣው ቀረጻው ነው። እግር ኳስ አንድ ሜዳ ነው፤ ካሜራህን ተክለህ ሻይህን ትጠጣለህ። እነሱ ጋ ተጫዋቹ በዛፍ መሃል ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ በየቅርጫቱ ሰው አለ። ሰሃኗ ስትበር ዓይንህ አንዴ ከሳታት አለቀ። ስለዚህ ቀራጮቹ መሪዎቹን አራት ተጫዋቾች ይዘው አብረው ይጓዛሉ። አንዱ ከወርዋሪው ኋላ ይቆማል፣ አንዱ ሰሃኗ የምታርፍበት ጋ። ላይቭ ይሁን ካልክ ይህን ሁሉ ከጫካ ውስጥ በኔትወርክ ማውጣት አለብህ። ገንዘብ ይበላል። ለዚህ ነው የትልቁ ውድድር አዘጋጅ ዲስክ ጎልፍ ፕሮ ቱር እ.ኤ.አ. በ2020 ዲስክ ጎልፍ ኔትወርክ የሚል የራሱን ቻናል የከፈተው። ላይቭ የፈለገ ይከፍላል። ከፍሎ በማየቱ የሞተ ሰው የለም።

ገንደ ቆሬ፦ ታሪኩን ከመሃል ጀመርከው። ስፖርቱን ከዚያ በፊት ለሰው ያሳየው ማነው? ባለፈው አንተው የላክልኝ ቻናል፣ ጆሜዝ ፕሮ! ጆናታን ጎሜዝ የሚባል ሰው የመሠረተው። ቀን ይቀርጹ፣ ሌሊት ይቆርጡ ነበር። ከዚያ እነ ጄረሚ ኮሊንግና ኔት ሴክስተን፣ ራሳቸው ተጫዋቾች ናቸው፣ ቁጭ ብለው በርጫ ላይ እንዳለ ጓደኛ እየቀለዱ ያወሩበት ነበር። በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ይወጣ ነበር፣ በነፃ። ሰው ስፖርቱን የለመደው እንዲህ ነው። ቤቱ ሲሞላ ነው ትኬት ቆራጩ የመጣው።

ለገሃር፦ ቆይ፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ፖል ማክቤዝ የሚባለው ተጫዋች በ2021 ከዲስክራፍት ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ዲስክራፍት ቴሌቪዥን ጣቢያ አይደለም፤ ሰሃን አምራች ነው። የማክቤዝን ስም ሰሃን ላይ አትሞ ይሸጣል። ገዢው ስሙን ያወቀው ደግሞ በቪዲዮ ነው። በእኔ ሂሳብ ቪዲዮው ማስታወቂያ ነው፣ ዕቃው ፕላስቲኩ ነው። እኛ ጋስ? ማልያው ጀርባ ላይ ስሙን ያጻፈው ጁስ ቤት አለ። ቪዲዮው ሲታፈን መጀመሪያ የሚከስረው እሱ ነው። ማንም ያነሳው የለም።

ደቻቱ፦ እኔ ያንን ስፖርት የማውቀው በአንዲት ውርወራ ብቻ ነው። የ2021 የዓለም ሻምፒዮና፣ ዩታ ውስጥ ኦግደን። የመጨረሻው ቅርጫት። የተባለው ማክቤዝ በአንድ ይመራል። ጄምስ ኮንራድ፣ ፀጉሩ ረጅም የሆነ ሰውዬ፣ 75 ሜትር ያህል ይቀረዋል። ካላስገባ ወደ ቤቱ ነው። ወረወረ፤ ሰንሰለቱ ተንኳኳ፤ ገባች! ሰዉ አበደ። በተጨማሪው ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ቅንጫቢው የአሜሪካው የስፖርት ቴሌቪዥን ኢኤስፒኤን ላይ ሳይቀር ታየ። እኔ ድሬ ሆኜ ሳንቲም ሳልከፍል አየሁት። ተቆልፎበት ቢሆን ስሙንም አልሰማም ነበር።

ሳቢያን፦ ጥሩ። ያቺን ውርወራ ያየሃት ግን ሥራውን የሚያውቅ ካሜራማን ትክክለኛው ቦታ ላይ ስለቆመ ነው። የእሁዱን ላይቭ እኔም አይቼዋለሁ። ስልኩ በላስቲክ የግቡ ቋሚ ላይ ታስሯል፤ ከላይ ለጥላ ፌስታል ተደርጎበታል። በኋላ ልጁ ፈቶ በእጁ ያዘው። ጎሉ ሲገባ ስልኩን እንደያዘ ዘለለ። ሰማይ ነው ያየነው! ሰማይና የሆነ ሰው ክርን።

ታይዋን፦ እኔ ወላሂ የወደድኩት እሱን ነው። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ «ማን አገባ? ማን አገባ?» እያለ ይጽፋል፣ ከታች ሰው ሁሉ የየራሱን ስም ይመልስለታል። ስቱዲዮው በሳምንቱ በሙዚቃ አሳምሮ ቢለቀው ወንድሜ ምን ያደርግለታል? ውጤቱን ያኔ ያውቀዋል።

የመጋላ እናት፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ እዚያ ይጫወታል። ስቱዲዮውም ባለ ስልኮቹም አልጠየቁኝም። ስትከራከሩ ይህንንም አንሱት።

ከዚራ፦ ልክ ነሽ እማ። ለኮሚቴው የምንጽፈው ነገር ካለ ይገባል። እኔ ደግሞ የራሳችንን ላስታውስ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ለ5 ዓመት ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። የድሬ ስታዲየምም ጨዋታዎቹን ካስተናገዱት አንዱ ነበር። ብርቱካናማዎቹን፣ የእኛን ድሬዳዋ ከተማን፣ ከዚያ በፊት በእንደዚያ ዓይነት ጥራት አይቼ አላውቅም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ዲሽ የሌለው ሰው ካፌ ገብቶ አንድ ሻይ ይዞ 90 ደቂቃ ይቀመጣል። አሳላፊው በሃያኛው ደቂቃ ጠረጴዛውን መወልወል ይጀምራል። ከዚራ ያደገ ያውቀዋል።

የጥጥ ጡረተኛ፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዕድሜዬን ጥጥ ፋብሪካ ነው የጨረስኩት። የጥጥ ቡድን የኢትዮጵያን ዋንጫ ድሬ ያመጣበትን ዘመን አውርቼ አልጠግብም። የአንድ ደቂቃ ፊልም ግን አይቼ አላውቅም። ለልጅ ልጄ ስነግረው «አባባ፣ ዩቲዩብ ላይ አለ?» ይለኛል። የለም ስለው ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል፣ የዋሸሁት ይመስል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ዋንጫው ሲያልቅ ስቱዲዮው ቪዲዮውን የት ያስቀምጠዋል?

ሳቢያን፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ይጠፋል። እኔም ሰርግ ሁለት ዓመት አስቀምጬ አጠፋለሁ። ዕቃው ውድ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ በሉ ስሙ! ለአንድ ሰው ሰጠነው፣ እሱ ደግሞ ያጠፋዋል።

ለገሃር፦ ሰው እንዲታረቅ አንድ ሐሳብ። የዲስክ ጎልፎቹን እናድርግ። ላይቩ ለከፈለው ይሁን፣ የማግስቱ ለሁሉም በነፃ።

ገንደ ቆሬ፦ አይ፣ እኛ ጋ ይገለበጣል። እነሱ ጋ ውዱ ላይቩ ነው፤ ሳቢያን ራሱ ነግሮናል፣ ጫካው፣ ካሜራው፣ ኔትወርኩ። እኛ ጋ ላይቭ ማለት አንድ ስልክና የአንድ ቀን ጥቅል ነው። ውዱ ሌሊቱን ቁጭ ተብሎ የሚቆረጠው ነው። ወጪ ያለበት ላይ መብት ስጠው። ስቱዲዮው ተቆርጦ የተሠራውን፣ የስፖንሰሩ ስም ያለበትን ይያዝ፤ ማንም እንዳይነካበት። ላይቩን ግን ለልጆቹ ተወው። በሳቢያን ካሜራ የተቀረጸን ጎል ሰማይ የሚያሳይ ስልክ ገበያውን አይነጥቀውም።

ሳቢያን፦ ትንሽ ይነጥቀዋል። ውጤቱን ላይቭ ያየ ሁሉ የእኔን አይከፍትም። ጁስ ቤቱም የሚከፍለኝ በዕይታ ቁጥር ነው። ግን... እሺ፣ ክርክሩ ገብቶኛል። ኮሚቴው ቦታ ይለይ። ባለ ስልኮቹ ከግብ ጀርባ፣ እኔ መሃል መስመር ላይ። ካሜራዬ ፊት የሚዘል እንዳይኖር። ይህን ካከበሩልኝ የእኔ ድምፅ ከእናንተ ጋር ነው።

ደቻቱ፦ «እኔ መሃል መስመር»? ስቱዲዮው አንተ ነህ እንዴ?

ሳቢያን፦ ስም አንጠራም ተብሏል።

ታይዋን፦ አቦ!

ከዚራ፦ ልጆቹን ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ በዚህ ቤት አይደለም፣ እዚያው ሜዳው ላይ። ለኮሚቴው የምንጽፈውን እኔ አረቅቃለሁ። የጋሼም ጉዳይ ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቅጂ ለኮሚቴው ይሰጥ፣ እንዳይጠፋ። የልጆቹ ወላጆችም ይጠየቁ።

ገንደ ቆሬ፦ እኔ አሁንም መብት የሚለው ቃል አልተዋጠልኝም። ፊርማዬን ግን አስገቡት።

የጥጥ ጡረተኛ፦ ያቺን ሰማይ የምታሳየዋን ቪዲዮ ያለው ማነው? ለልጅ ልጄ ፈልጌ ነው።

ታይዋን፦ እኔ ጋ አለች ጋሼ። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ በስልክ አይሄድም። ፍላሽ ይዘህ ና፣ ሱቄን ታውቀዋለህ።