ከጎንደር ተነስቶ ጎልፍ ማኔጅመንት ለመማር ምን ይቀድማል?

የአዘዞው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤትም አለኝ። ሕልሜ የጎልፍ ክለብ ማስተዳደር ነው። በአሜሪካ የፒጂኤ (የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር) ጎልፍ ማኔጅመንት ዲግሪ እንዳለ አይቻለሁ፤ ግን ሃንዲካፕ (የተጫዋች ችሎታ የሚለካበት ቁጥር፣ ሲያንስ ይሻላል) ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ደግሞ ሜዳ የለም። ምን ይሻለኛል? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ብገባስ የትኛው ትምህርት ያቀርበኛል?

ባለ ካርዱ
ወንድምዓለም፣ ሃንዲካፕ የሚገኘው ተጫውቶ ብቻ ነው። ቢያንስ 54 ቀዳዳ ማስመዝገብ አለብህ፦ ሦስት ባለ 18 ዙር ወይም ስድስት ባለ 9። ሜዳው የችግር ደረጃው ተለክቶ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ውጤትህንም አብሮህ የተጫወተ ሰው ያረጋግጣል። በባዶ ሜዳ ኳስ መምታት ለልምምድ ይረዳል እንጂ አይቆጠርም።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሃንዲካፕ 12 ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከገባህም በኋላ በአንድ ቀን 36 ቀዳዳ የሚጫወቱበት የችሎታ ፈተና አለ። ሜዳ አጠገቡ ለሌለው ሰው ይህ የዓመታት ሥራ ስለሆነ በዚህ በር አትጀምር።

ወረቀት አዋቂ
ሌላም ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ። ፕሮግራሙ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 16 ወር ያህሉ የክለብ ልምምድ ነው። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የገባ ተማሪ ልምምዱን የሚሠራው «ሲፒቲ» በሚባለው ፈቃድ ነው። የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ («ኦፒቲ») በዚያው የዲግሪ ደረጃ አይሰጥህም። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጻፍና «ልምምዱ እንዴት ተከፋፍሎ ነው የሚሠራው? ስንቱ ወር የሙሉ ሰዓት ይባላል?» ብለህ በጽሑፍ መልስ አስገኝ።

ሰርዶ
የጎልፍ ክለብ ገንዘቡ የሚፈሰው ሣሩ ላይ ነው። ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት በጣም አጭር የታጨደ ሣር) ከተበላሸ አባል ይሸሻል፤ ሣር የሚያውቅ አስተዳዳሪም በሁሉም አገር ይፈለጋል። ስለዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከገባህ ዕፅዋት ሳይንስን ወይም ሆርቲካልቸርን ምረጥ፣ ከሆቴልና ቱሪዝም በኩል የሒሳብና የመስተንግዶ ኮርስ ጨምርበት። ቀጥሎ በሣር ሳይንስ ስማቸው ወደታወቀው ፔን ስቴትና ሚሺጋን ስቴት ማመልከት ትችላለህ። በእረፍት ወራት ናይሮቢ ላሉት እንደ ሙታይጋና ካረን ላሉ ክለቦች ለልምምድ ጻፍ፤ ደብዳቤህን የሣሩን ኃላፊ ብለህ አድርሰው።

ደጅህ ያለው ሰርዶ ዓለም «በርሙዳ» የሚለው ሣር ነው። በላይም በታችም እየተሳበ ስለሚሰፋ ሲረገጥ ቶሎ ያገግማል። ጥላ ግን አይችልም፤ ዛፍ ሥር ከተተከለ ይሳሳል።

የአዘዞው
ጋሼ፣ ታዲያ በግቢያችን ትንሽ ግሪን ልሞክር? መሬቱ ዋልካ ነው።

ሰርዶ
ሞክር፣ ከማመልከቻህ ጋር የሚያያዝ ማስረጃ ይሆንሃል። 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቅ ቆፍር። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር (0.4 ሜትር ኩብ)፣ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ (1.2 ሜትር ኩብ) ይገባል። ዋናው ነገር ከግርጌው ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ቱቦ ነው። ዋልካ ውኃ አያሰርግም፤ ቱቦ ከሌለ ጉድጓዱ በሐምሌ ገንዳ ይሆንና ሥሩ ይበሰብሳል። የቆፈርከውንም አፈር ከአሸዋው ጋር እንዳትደባልቅ፣ የአሸዋውን ቀዳዳ ይደፍናል።

አሸዋውን በሃይላንድ ፈትሽ፦ ሲሶውን ሙላ፣ ውኃ ጨምር፣ በደንብ ናጥ፣ እስኪጠራ አስቀምጠው። ከአሸዋው በላይ ወፍራም የጭቃ ንብርብር ከተኛ እንደገና ይታጠብ።

አሸዋ ማዳበሪያ አይዝም። በሳምንት 10 ግራም ዩሪያ በውኃ አሟሟና ለ4ቱ ካሬ እኩል አርከፍክፍ፤ ወዲያው ንጹሕ ውኃ ካላስከተልክበት ቅጠሉን ያቃጥላል።

ባለ ካርዱ
ስታጭድ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትንካ። የክለብ ግሪን 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚታጨደው እንደ መቀስ በሚቆርጥ ባለ ሲሊንደር ማጨጃ ነው፤ በተራ ማጨጃ እዚያ ልድረስ ካልክ መሬቱን ትልጠዋለህ። በ2 ሳንቲ ሜትር ያዘው፣ ቀኑንና ቁመቱን በደብተር ጻፍ፣ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆመህ ፎቶ አንሳ።